ከሹሩባ ውስጥ የቀረች መርፌ

የሥራ ልብሴን፣ ሁለት ቁልፍና የደረት መታወቂያዬን ባስረከብኩ ቀን፣ የንብረት ክፍሏ ልጅ ዝርዝሩን እያየች፣ «እትዬ የሻረግ፣ ሌላ እጅዎ ላይ የቀረ የመሥሪያ ቤት ዕቃ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። አልዋሸሁም፤ የመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ግን በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኳት አንዲት የልብስ መርፌ ነበረች። ባለቤቷ የአይከል ሴት ነች። እኔ ጋ ስትቀመጥ ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ አብዛኛውን ጎንደር ሆስፒታል ሠርቼ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ጡረታ ጠይቄ ወጣሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቢሆንም ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሠርቻለሁ፤ ያየሁትንም ብዙ ሰው አላየውም። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራ የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው፤ ልጄ ትብለጥ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። መጀመሪያ ልብስ እጥበት ክፍል መደቡኝ። አለቃችን የታጠበ አንሶላ እያሸተተች የምትቀበል ሴት ነበረች፤ በረኪናው በዛም አነሰም መልሳ ታሳጥበናለች። ክፉ ትመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ሥራዋን የምታከብር ሰው ነበረች እንጂ ክፉ አልነበረችም።

ከዚያ ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚያ ጊዜ ግርሻና ተስቦ በቅማል እየተላለፈ ሰዉን ይጥለው ስለነበር፣ የገበሬውንም የተማሪውንም ፀጉር መፈተሽ የኔ ሥራ ሆነ። የጤና ረዳቱ፣ «በዓይንሽ አትፈልጊ፣ ዓይን ይሰለቻል፤ በጣትሽ ሂጂ» እያለ አስተማረኝ። ከጆሮ ጀርባ መጀመር፣ በማጅራት መዞር፣ ወደ ግንባር መውጣት። አራት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። ጎንደር ስመለስ ጣቴ ሹሩባ ሳይፈታ ጉንጉኑ ውስጥ ያለውን ያውቅ ነበር። ደመወዙ ትብለጥን አስተምሮልኛል፤ ስለሱ ሌላ የማወራው የለኝም።

በየክፍሉ ሳጸዳ ከቆየሁ በኋላ አንድ አዲስ የሕክምና ማሽን መጣ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት የአእምሮ ሐኪም ይዞት መጣ፤ ከተማረበት ቦታ የተሰጠው ስጦታ ነው ተባለ። ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ጠባብ ክፍል ተሰጠችው። ወሬው እኔ እምኖርበት ቀሐ ድረስ ቀድሞኝ ደረሰ። «የሰው ጭንቅላት በመብራት ሊጠብሱ ነው አሉ! አንቺም እዚያ ነሽ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ትብለጥ ትንሽ ካስነጠሳት እንቅልፍ አይወስደኝም። አለቃዬ ጋ ሄጄ ሌላ ሰው ይመደብ ብዬ ለመንኩ።

«ፀጉር የሚፈትሽ ሴት ፈልገዋል» አለኝ። «ከአንቺ የተሻለ ካለ አንቺው ጥሪልኝ።»

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት አያ ኢብራሂም ነበሩ። የጎንደር የቆዩ ጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ናቸው፤ ነገር ግን ከልጅነታቸው ከሱቁ ይልቅ የተበላሸ ሬዲዮ ይስባቸው ነበርና፣ የሆስፒታሉ ዕቃ ጠጋኝ ሆነው ፀጉራቸው ሸብቷል። ዶክተሩ የእጃቸውን ርጋታ አይቶ ለዚህ ሥራ አሠለጠናቸው። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሜ እግሬ አልገባ ሲል አዩኝ።

«ምነው የሻረግ፣ ጅብ አየሽ እንዴ?»

«ያ ነገር ያስፈራኛል፣ አያ ኢብራሂም።»

«እኔንም ያስፈራኛል። የማይፈራው ሰው እዚህ ክፍል ባይገባ ይሻላል» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ማሽኑ የትንሽ ቁም ሣጥን ያህላል። ከሱ በወፍራም ገመድ የሚወጣ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር አለ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ክቦች ጎን ለጎን ተያይዘው መነጽር ይመስላሉ። ውስጣቸው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። አያ ኢብራሂም ያንን ክንዳቸው ላይ አሳርፈው መርገጫውን ሲረግጡ ጠቅ! አለ፤ ጣቶቻቸው ሳያዟቸው ዘለሉ። እኔ ጮህኩ። እሳቸው ሳቁ።

«መብራቱ እኔ ውስጥ አልገባም» አሉኝ። «በሽቦው ብልጭ ብሎ ሲያልፍ ማግኔት ይፈጥራል። ማግኔት ደግሞ ቆዳም አጥንትም አያግደውም፤ ዘልቆ ነርቩን ይቀሰቅሰዋል። አሁን የክንዴን ቀሰቀሰ። ጭንቅላት ላይ ስናደርገው የጭንቅላቱን ይቀሰቅሳል። ሐዘን የጸናበት ሰው፣ እዚህ ከግንባሩ በስተግራ ሥራውን የተወ ቦታ አለው ይላል ዶክተሩ። እኛ በየቀኑ እየሄድን ተነሥ፣ ተነሥ እንለዋለን። መቁረጥ የለ፣ መውጋት የለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት፣ መጀመሪያ የራሳቸው ክንድ ላይ ሳይሞክሩ ሰው ላይ አሳርፈው አያውቁም። ጾም ቢሆን፣ ቢያማቸው፣ ዶክተሩ ቢያጣድፋቸው ያው ነው። እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ጠቅ። እኔ በወዲያ በኩል አማትባለሁ። መብራቱ ሲዋዥቅ አይጀምሩም፤ የኃይል ማስተካከያው ጠቋሚ እስኪረጋ ድረስ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ።

ጭንቅላት የሚለኩት በአባታቸው የጨርቅ ሱቅ ሜትር ነበር። ዶክተሩ አዲስ ቢሰጣቸውም እሱን በመሳቢያ አስቀምጠው በአሮጌው ይለካሉ። «ይሄ ዋሽቶ አያውቅም» ይላሉ። በሽተኛው ራስ ላይ ስስ የጨርቅ ቆብ እናጠልቃለን፤ ከአፍንጫ መነሻ እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለክተው በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ የአውራ ጣትን ቦታ ይፈልጋሉ። እዚህ ጠቅ፣ ትንሽ ፈቅ ብለው ጠቅ፤ ድንገት የሰውዬው የቀኝ አውራ ጣት ትዘላለች። ያን ጊዜ ኃይሉን እየቀነሱ ከአሥሩ ምት አምስቱ ላይ ብቻ እስክትዘል ይወርዳሉ። «የሰው ሁሉ ልክ ለየቅል ነው፤ ጣቱ ራሱ ይነግረናል» ይላሉ። ልኩ ሲታወቅ ወደ ግንባር በኩል ፈቀቅ ብለው ሕክምናውን ይጀምራሉ። ድምፁ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል፤ ጠጠጠጠ ይልና ያርፋል፣ ደግሞ ጠጠጠጠ። ጆሮ በጥጥ እንደፍናለን።

ሁሉም ዳነ አልልም። ሳይለወጥ የሄደም ነበር። ዳሩ ግን አንድ መሪጌታ ትዝ ይሉኛል። ማሕሌቱንም ምግቡንም ትተው ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ ሰው ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስታቸው ያመጣችውን ምሳ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ ሽሮ ጨው የለውም!» ብለው ተቆጡ። ሚስቲቱ እልል አለች። አያ ኢብራሂም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እያለቀሱ እንደሆነ አውቄ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ።

የኔ ሥራ ብረት መሰብሰብ ነበር። ማሽኑ አጠገብ ብረት አይገባም፤ ይስበዋል፣ ይገፋዋል፣ ያግለዋል። የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት መስቀል፣ ክታብ፣ የፀጉር መያዣ፣ ቁልፍ። ራሱ ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ የቀረበት የቀድሞ ወታደር መጥቶ ዶክተሩ በራጅ አይቶ መልሶታል። አያ ኢብራሂም የወንዶቹን ራስ ራሳቸው ይዳስሳሉ። የሴት ፀጉር ግን አይነኩም፤ እምነታቸው ነው። «የሻረግ፣ በሴቶቹ በኩል ዓይኔ ጣትሽ ነው። አንቺ ንጹሕ ናት ካልሽኝ እኔ አልጠራጠርም» አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

ደብሬ የመጣችው በክረምት ነው። ከአይከል አማቷ አመጣቻት። ከወለደች ሁለት ወር ሊሆናት ነው፤ አትናገርም፣ አታለቅስም፣ ልጅቱ ስትጮህ የመንገድ ማኪና እንደሰማች ሁሉ ዞርም አትል። መድኃኒቱ ተሞክሮ አልሆነላትም። አማቷን ውጭ አስቀምጠን ፀጉሯን መፈተሽ ጀመርኩ። ከጆሮ ጀርባ፣ በማጅራት፣ ወደ ግንባር። ከግራ ግንባሯ በላይ፣ ጉንጉኑ ውስጥ፣ ጣቴ አንዲት መርፌ አገኘ፤ በጥቁር ክር ከፀጉሯ ጋር ተገምዳለች።

ነገሩን ወዲያው አወቅሁ። በእኛ አገር አራስ ያለ ብረት ከደጅ አትወጣም። ማጭድም ትያዝ ቢላ፣ ካጣች መርፌ ትሰካለች፤ ጥላ እንዳይወድቅባት፣ መጋኛ እንዳይመታት። እኔም ትብለጥን ወልጄ አርባ ቀን ሙሉ ቢላ በትራሴ ሥር አድርጌ ተኝቻለሁ። ጣቴ መርፌዋን ሲነካ ደብሬ ቀና ብላ አየችኝ። ማንንም ሳታይ የከረመች ሴት እኔን አየችኝ። አፏ አልተከፈተም፤ ዓይኗ ግን ተይልኝ አለኝ።

ልቤ ራራ። ይህቺን የምታህል መርፌ ምን ልታደርግ አልኩ። ቆቡን አጠለቅሁላት።

«ንጹሕ ናት?» አሉ አያ ኢብራሂም።

«ንጹሕ ናት» አልኩ።

የጣቷ ቦታ ሲፈለግ ምንም አልሆነም፤ ከመርፌዋ ይርቅ ነበር። ወደ ግንባር ፈቀቅ አሉና መርገጫውን ረገጡ። ጠጠጠጠ ሲል ደብሬ እሪ አለች። መርፌዋ በማግኔቱ ተመትታ ራሷን ወጋቻት፤ ግላም ነበር። ብድግ ስትል ወንበሩ ተገለበጠ። «ብረቴን ነጠቀኝ! ብረቴን ነጠቀኝ!» ትላለች። ከመጣች የሰማሁት ድምፅ ይሄ ብቻ ነው። አማቷ ሮጣ ገብታ በግንባሯ የወረደውን ደም አየች።

«ምነው እህቴ፣ ምነው! ጠላቷን በማሽን ጠርታችሁ አሳልፋችሁ ሰጣችኋትኮ!»

ዶክተሩ መጥቶ ቁስሉ ቀላል ነው ቢል፣ ቢለምን፣ ማን ሊሰማው? ልጅቱን አዝለው፣ እሷን ደግፈው ወጡ። ፀጉሯን ስትበጣጥስ መርፌዋ ወለሉ ላይ ወድቃለች። አነሣኋት፤ ገና ትሞቅ ነበር።

አያ ኢብራሂም ማሽኑን አጥፍተው ተቀመጡ። «ጣትሽ አግኝቷት ነበር?» አሉኝ።

«አላገኘኋትም» አልኩ።

ዋሸሁ። ሥራዬ ይሄድብኛል፣ ትብለጥን በምን አስተምራታለሁ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ለዶክተሩ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላረጋግጥ ነው ያሳረፍኩት» አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በስማቸው ወጣ፤ በዚያ ሁሉ ዘመናቸው የመጀመሪያቸው ነው። አንብበው በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የጤና ባለሙያ ደብሬ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፤ ቤተሰቦቿ ወደ ጠበል ወስደናታል ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

እኔ ሳምንት እንኳ አልቻልኩትም። አንድ ጠዋት ክንዳቸው ላይ ሲሞክሩ ጠብቄ፣ «አያ ኢብራሂም፣ አግኝቻት ነበር። አውቄ ነው የተውኳት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ቅማል የማያመልጠው ጣት መርፌ ያመልጠዋል?»

«ምነው ታዲያ ያን ለት ዝም አሉኝ?»

«እኔ ከነገርኩሽ ትፈሪኛለሽ። አንቺ ከነገርሽኝ አብረን እንሠራለን።» ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በይ አስረጂኝ። ብረቱ ከአራሷ ጋር የሚሆነው ለምንድን ነው? የግድ ፀጉሯ ውስጥ መሆን አለበት?»

እኔን፣ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረሁትን፣ እንደ አስተማሪ ጠየቁኝ። አልሳቁም፣ አጉል እምነት ነው አላሉም። የግድ አይደለም አልኩ፤ ዋናው ብረቱ እሷን እንዲጠብቅ ነው፣ ደጃፍ ላይም ቢሆን፣ በዘመድ እጅም ቢሆን። ብዙ አሰቡ። በማግሥቱ የክፍሉን ወግ ለወጡት። አንደኛ፣ ሴቶቹን እኔና አንዲት ነርስ ተራ በተራ እንፈትሻለን። ሁለተኛ፣ «ብረት ይዘሻል?» ብለን መጠየቅ ተውን። ሰው ይሄን ሲጠየቅ የለም ይላል። በፈንታው፣ «ብረትሽን ማን ይያዝልሽ?» እንላለን። ዘመዷ ብረቱን ይዞ በሩ ላይ፣ ከማሽኑ ርቆ፣ እሷ እያየችው ይቆማል። ዶክተሩ በመጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ሴት እንኳ ብረት አልደበቀችንም። ክታቡም፣ መስቀሉም፣ ቢላውም እየተሳቀ ይወጣል። አንዲት ባልቴት ለልጃቸው ድፍን ማጭድ ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ አያ ኢብራሂም፣ «እማማ፣ አጨዳው ገና ነው፣ ቀስ ብለው ይያዙት» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት።

እንዲህ እየሠራን ዓመታት አለፉ። ከዚያ ትብለጥ ወለደች።

ሴት ልጅ ነች፣ ሸጋ ልጅ። አራስ ቤቷ ሰው ሞልቶት ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጅቱን ደረቷ ላይ ሳስቀምጥላት እጇ አይነሣም። ያን ፊት አውቀው ነበር፤ የደብሬን ፊት ነው ያየሁት። መድኃኒት ተጀመረ፣ ሳምንታት ተጠበቀ፣ ባሰባት። ዶክተሩ ጠርቶኝ ማሽኑን አነሣ።

በዚያ ክፍል ስንቱን እናት «አይዞሽ» ያልኩ ሴት፣ ለራሴ ሲደርስ እንቢ አልኩ። የስምምነት ወረቀቱን ለሰው ሁሉ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል ይላል። በዓይኔ አንድም ቀን አላየሁም። ቢሆንም ልጄ ስትንቀጠቀጥ ይታየኛል። ሁለት ቀን እንቢ እንዳልኩ ቆየሁ። በሦስተኛው አያ ኢብራሂም ቀሐ ድረስ መጡ፤ ቤቴ መጥተው አያውቁም። ከደጅ ቆመው፣ «የሻረግ፣ በሌላው ሰው ልጅ ጀግና ነበርሽ» አሉኝ።

«አይቀልዱብኝ አያ ኢብራሂም፣ አንድ ናት ያለችኝ።»

«ስለዚህ ነው የመጣሁት። ነገ ጠዋት ቀድመሽ ነይ።»

ቀድሜ ሄድኩ። እንደወትሮው ክንዳቸው ላይ ሞከሩ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁላቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ደፍሬ አላውቅም ነበር። ጠቅ ሲል ጣቴ ዘለለ። ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት በጣት እንደመኮርኮር ያለ ነገር ነበር። «አመጣታለሁ» አልኩ።

ትብለጥን አስቀመጥናት። ነርሷ ልትፈትሻት ስትል እኔ ልጀምር አልኩ። አያ ኢብራሂም ከማሽኑ በኩል ሆነው፣ ለሁሉም እንደሚጠይቁት፣ «ትብለጥ፣ ብረትሽን ማን ይያዝልሽ?» አሏት። እኔ በወለደች በሦስተኛው ቀን ራሴ የሰካሁባትን መርፌ ከሹሩባዋ አወጣሁ። ከጆሮ ጀርባ፣ በማጅራት፣ ወደ ግንባር ሄድኩ። ሌላ የለም። ነርሷም ደገመችው፣ የለም።

«ንጹሕ ናት?»

ያን ቃል አንዴ በሐሰት ብዬዋለሁ። እንደገና ከጆሮዋ ጀርባ ልጀምር ስል ትብለጥ ተነፈሰች።

«እማ፣ አንድ አለ።»

ስንት ሳምንት ያልሰማሁት ድምፅ። እጇን አንሥታ ከቀሚሷ አንገት እጥፋት ውስጥ ሌላ መርፌ አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችው።

«ይቺን ደግሞ ማን ሰካት?» አልኳት።

«እኔ ነኝ የሰካኋት። ያቺ ያንቺዋ እኔን ትጠብቅ። ይቺ ልጅቱን ከኔ ትጠብቃት ብዬ ነው።»

ዶክተሩ ተጠርቶ መጥቶ ቀስ ብሎ ብዙ ነገር ጠየቃት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጅቱ ጋር ብቻዋን እንዳትቀር አደረግን። እኔ ሁለቱን መርፌ ጨብጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ማሽኑ ጠጠጠጠ ባለ ቁጥር እጄን አጥብቄ ስጨብጥ መዳፌን ይወጉኛል፤ አልለቀቅኋቸውም። ልጄ አልተንቀጠቀጠችም። አያ ኢብራሂም በእያንዳንዱ ዕረፍት፣ «ጎበዝ፣ ጎበዝ የእናቷ ልጅ» ይሏታል።

አንድ ሳምንት ለውጥ የለም። ሁለት ሳምንት ትንሽ በላች። በሦስተኛው ሳምንት ሕክምናው መሃል ላይ ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች፤ የነርሷ ክንድ ላይ ነበረች። ትብለጥ በወንበሩ ላይ እንዳለች ቀሚሷን አየች። ርሷል።

«ወተቴ ፈሰሰ» አለች። «እማ፣ ርቧታል መሰለኝ። አምጪልኝ።»

አያ ኢብራሂም ማሽኑን አጥፍተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሳያቸው የአባታቸውን ሜትር በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ልጄ ስትድን የደብሬ ነገር ባሰብኝ። የኔ ልጅ እውነቱን ተናግራ ዳነች። ለደብሬ ግን እኔ ነኝ የዋሸሁላት። ለዚህ ነው መሥሪያ ቤቴን በተሰናበትኩ በሳምንቱ የአይከልን ማኪና የተሳፈርኩት።

ገበያው ላይ ጠይቄ ቤቷን አገኘሁ። ደጇ ላይ ኑግ ታበጥራለች፤ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አጠገቧ ትጫወታለች። አላወቀችኝም። ጨርቁን ፈትቼ መርፌዋን ሳሳያት ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አግኝቻት ነበር ያን ለት» አልኳት። «ማውጣት ነበረብኝ። አውቄ ተውኳት።»

«ጣትሽ ሲነካት ተሰምቶኛል» አለች። «ዝም ስትይልኝ ወደድኩሽ።»

ልጅቱን አየቻት። «ይቺ የኔ መሆኗ የገባኝ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። እስከዚያ አያቷን ነበር እማ የምትል» አለች። መርፌዋን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ልጅቱ መርፌዋን ልትነካ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

ልሄድ ስነሣ ደብሬ ቀሚሴን ያዘችኝ። «ያ ማሽን አሁንም አለ?»

«አለ።»

«የወንድሜ ሚስት ከወለደች ወር አለፋት። እዚያ ቤት ውስጥ ናት። እንደኔ ሆናለች።» ቀሚሴን ሳትለቅ፣ «ብረቷን ግን አትሰጥም» አለች።

«አትሰጥም፤ አንቺ ትይዥላታለሽ» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት አራሷን ይዘን በአንድ ማኪና መጣን፤ ዶክተሩም አይቷት ወደ ማሽኑ ክፍል መራት። ጡረታቸው አልፎ በኮንትራት የቀጠሉት አያ ኢብራሂም ደብሬን በሩ ላይ ሲያዩ ለአፍታ ቆሙ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ክንዳቸው ላይ ጠቅ አደረጉ፣ እሷ እንድታየው። ከዚያ ወደ አራሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ ብረትሽን ማን ይያዝልሽ?» አሉ።

አራሷ ደብሬን አየች። ደብሬ መዳፏን ዘረጋች፤ ያቺ ስድስት ዓመት እኔ ጋ የቆየች መርፌ እዚያ ነበረች። አራሷ ከሹሩባዋ የራሷን አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠችላት። ጡረታ ብወጣም ነርሷ ቦታዬን ለቀቀችልኝና ተራ በተራ ፈተሽናት።

«ንጹሕ ናት?»

«ንጹሕ ናት፣ አያ ኢብራሂም» አልኩ።